መነጽሩን ስታደርጉ መጀመሪያ ምን ወረወራችሁ?

ነካነካ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ የቪአር መነጽር (ዓይን ላይ ሲደረግ ኮምፒውተር የሰራው ዓለም ውስጥ የገቡ የሚያስመስል) እጄ ገብቷል። ለመጣው ሰው ሁሉ አስሞክራለሁ። እና አንድ ነገር ታዘብኩ። አዋቂ ሰው መነጽሩን ሲያደርግ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጁን ወደ ሰውነቱ ሰብስቦ «እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?» ይላል። ልጅ ግን አይጠይቅም። ያገኘውን አንስቶ ይወረውራል። ጠረጴዛ ስር ይገባል። ግድግዳው ውስጥ ጭንቅላቱን ይከታል። ትንሽ ቆይቶ ስለ ዕቃው ከአዋቂው የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው።

እኔም ከልጆቹ ወገን ነኝ። አዲስ ነገር ሲመጣ ማብራሪያ ከማየቴ በፊት ነካ ነካ ማድረግ እወዳለሁ። ዝም ብሎ መነካካት ግን አይደለም። ምን ሲያደርጉት እንደሚታለል፣ የት ጋ እንደሚያፈተልክ ማየት ነው ደስ የሚለኝ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እጅን በካሜራ የሚከታተል መነጽር ያለው ሰው አሁኑኑ ይሞክረው። ኮንትሮለሩን (በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ) አስቀምጡና ባዶ እጃችሁን ከፊታችሁ ዘርጉ። ጣታችሁ ሲንቀሳቀስ የምስሉም ጣት አብሮ ይንቀሳቀሳል። አሁን ቀኝ እጃችሁን ከግራ እጃችሁ ኋላ ቀስ አድርጋችሁ ደብቁት። ምስሉ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አንደኛው እጅ ይጠፋል፣ ወይ ጣቶቹ የሰው ጣት በማይታጠፍበት በኩል ይታጠፋሉ። ጣቶቻችሁን እርስ በርስ ብታቆላልፉማ ጉድ ነው።

ነገሩ ምትሃት የለውም። መነጽሩ እጃችሁን የሚያየው ገጹ ላይ በተተከሉት ካሜራዎች ነው። ካሜራው ያላየውን ጣት ፕሮግራሙ ይገምታል። ግምቱ ሲሳሳት ነው የሚያስቀው። ይሄን በጨዋታ ያወቀ ሰው፣ ሌላ ቀን አንድ አፕ እጁን አላይ ሲለው አይነጫነጭም። እጁን ካሜራው ወደሚያይበት ይመልሳል፣ አለቀ።

እናንተስ? መጀመሪያ ምን ወረወራችሁ? ምን ሰበራችሁ? የእውነት ቴሌቪዥን የሰበረ ካለም ይናገር፣ አንስቅበትም። (እንስቃለን።)

ጥርጥር

ደስ ይላል። ግን ይሄን ነገር ስንተኛ ጊዜ ነው የምንሰማው? በ1995 ኒንቴንዶ ቨርቹዋል ቦይ የሚባል አወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። የሚያሳየው ቀይና ጥቁር ብቻ ነበር። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ቀረ። በ2014 ደግሞ ጉግል የካርቶን መነጽር ይዞ መጣ። ስልክህን እዚያ ውስጥ ሰክተህ ዓለምን ታያለህ ተባለ። እሱንም በ2021 መሸጥ አቆመ።

የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ታሪካቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለዘመድ አዝማዱ ማስሞከር፣ መጮህ፣ መሳቅ። ከዚያ መሳቢያ። ጨዋታ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ የልጅ ጉጉት የሚሉት ነገር ቶሎ ይሰለቻል።

ነካነካ

የመሳቢያውን ነገር አልክድህም። ግን መሳቢያ የሚያስገቡት የትኞቹ እንደሆኑ አይተሃል? እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የተዘጋጀ ነገር ብቻ የሚያዩ ናቸው። ሮለር ኮስተር፣ ዳይኖሰር፣ ሻርክ። አይተህ ትጨርሳለህ። በቃ ሁለተኛ ጊዜ ምን ይገርምሃል?

ካርቶኑ ላይ ግን አልስማማም። ካርቶንና ሁለት ሌንስ ብቻ ነበር። ንድፉም ለሁሉ ክፍት ስለነበር ሰው በእጁ ቆርጦ ሰራው። ስንት ሰው ሌንስ ምን እንደሚያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በእሱ ነው።

ኮድ ለቃሚ

ጥርጥር፣ ታሪክ ካነሳህ አይቀር ከዚያም ወደኋላ እንሂድ። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1968 ጭንቅላት ላይ የሚደረግ ማሳያ ሰራ። ከመክበዱ የተነሳ ከጣሪያ ጋር የታሰረ ነበር። የሚያሳየው ምን መሰለህ? በመስመር ብቻ የተሳለ ኩብ። ጭንቅላትህን ስታዞር ኩቡም በሌላ ጎኑ ይታይሃል። ለዚያች ኩብ ሲባል ነው ያ ሁሉ ብረት ከጣሪያ የተንጠለጠለው። የማይጫወት ሰው ይሄን አይሰራም።

የእኔ ተወዳጅ ታሪክ ግን የጃሮን ላኒየር ነው። ቪአር የሚለውን ስም በሰፊው ያስለመደው ሰው ነው። በ1980ዎቹ ቪፒኤል በሚባለው ድርጅቱ ውስጥ ሲሞካክሩ በአጋጣሚ ቪአር ውስጥ ክንዱ ከመጠን በላይ የገዘፈ አካል ይፈጠርላቸዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ስህተቱን አርሞ ያልፋል። እነሱ ግን ያንን ክንድ ለብሰው ሞከሩት። የለበሰው ሰው ክንዱን በደንብ ማዘዝ ቻለ! ከዚያ ቀጠሉ። ብዙ እግር ያለውን ሎብስተር ሳይቀር የሰው አካል አደረጉት። ሃሳቡ ቆይቶ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። በ2015 በወጣ ጥናት ሰዎች ከደረታቸው የበቀለ ሦስተኛ ክንድ ተሰጣቸው። ክንዱን የሚያዙት የእጅ አንጓቸውን በማዞር ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ለመዱት።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። መሰልቸት የሚመጣው ሰው የሰራውን ብቻ ስታይ ነው። ኮድ አልችልም የሚል ሰው እንኳ ኤ-ፍሬም የሚባለውን የቪአር ገጽ መስሪያ ይሞክር። ሞዚላ በ2015 ያወጣው ነው፣ ነጻ ነው፣ በብሮውዘር ይሰራል። አንዲት መስመር ትጽፋለህ፣ ሳጥን ይወጣል። ሌላ መስመር ትጽፋለህ፣ ሰማዩ ቀለም ይቀይራል። መነጽር ከሌለህ በስልክም በኮምፒውተርም ታየዋለህ።

እና አንድ ቁጥር ብቻ እየቀየራችሁ ተጫወቱ። ኤ-ፍሬም የተመልካቹን ዓይን በራሱ 1.6 ሜትር ላይ ያስቀምጠዋል። ያንን 0.2 አድርጉትና በኮምፒውተር እዩት። ጠረጴዛው ሕንጻ ይሆናል፣ የድመት ኑሮ ትኖራላችሁ። ከዚያ ቁጥሩን መልሱና በምትኩ ዕቃውን ሁሉ አሥር እጥፍ አሳድጉት። ይሄኛውን በመነጽር እዩት። ስሜቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ ሰው ያደርጋችኋል። ሁለተኛው ግን እናንተን ራሳችሁን ያሳንሳችኋል፣ የጉንዳን ያህል።

ለምን? አንጎል የነገሮችን መጠን ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለቱ ዓይኖች ትንሽ የተለያየ ምስል ያያሉ። ልዩነቱ ሲበዛ ነገሩ ቅርብ ነው፣ ሲያንስ ሩቅ ነው። ሁሉንም ነገር አሥር እጥፍ ስታሳድጉ በዓይኖቻችሁ መካከል ያለው ርቀት ግን ያው ነው። ስለዚህ ከዕቃው አንጻር የእናንተ ዓይኖች እጅግ ተጠጋግተዋል። ተጠጋግተው የተቀመጡ ዓይኖች የማን ናቸው? የትንሽ ፍጡር። ይሄን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፣ ምንም አልመሰለኝም። ሳጥኑ ስር ስቆም ነው ቀልቤ የተገፈፈው።

ሆዴ ተገላበጠ

ጨዋታችሁን ላቋርጥ። እኔ መነጽሩን አድርጌ ትንሽ እንደተራመድኩ ላብ ያሰጥመኛል፣ ሆዴ ይገላበጣል። ጓደኞቼ «ቻለው፣ ይለምድሃል» ይሉኛል። እውነት ነው? ወይስ ይሄ ነገር ለእኔ ቢጤ አልተፈጠረም?

መነጽር ሰሪ

«ቻለው» ያሉህን ሰዎች አትስማ። እኔ ሥራዬ የዓይን መነጽር ነው። የቪአር መነጽር ደግሞ ትርፍ ጊዜዬን በልቶታል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ምክንያቱ። በጨዋታው ውስጥ ስትራመድ ዓይንህ «እየሄድን ነው» ይላል። ውስጠኛው ጆሮህ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ደግሞ «ኧረ ቆመናል» ይላል። ጠቡ የሁለቱ ነው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሆድህ ነው። ሁሉም ሰው እኩል አይሰማውም። አንተ ደካማ ስለሆንክ አይደለም።

ጥሩው ነገር ይሄንንም በጨዋታ መመርመር ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ግባ። በኮንትሮለር መንሸራተቱን አጥፋና ከቦታ ቦታ ዘሎ የሚያደርሰውን ምረጥ። መዞሩንም ቀስ ብሎ ሳይሆን በቅጽበት የሚያዞረውን አድርገው። ተቀመጥ። ከቻልክ ቬንቲሌተር ከፊትህ አስቀምጥ። ነፋሱ ፊትህ ወዴት እንደሆነ ሁልጊዜ ይነግርሃል፣ ላቡንም ይቀንሳል። ዋናው ሕግ ግን ሁሉንም በአንዴ አትቀይር። አንዱን ለውጥ፣ ጥቂት ሞክር፣ አውልቀው። የማቅለሽለሹ ሽታ ገና ሲመጣ ነው የሚወለቀው። እስኪብስ ከጠበቅህ አንጎልህ መነጽሩን ገና ስታየው የሚታመም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሌንሶቹ ርቀት። በአዋቂዎች ሁለት ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሰውና ሰው ግን ይለያያል፣ 55ም አለ፣ 72ም አለ። ብዙ መነጽሮች ላይ ይሄንን ማስተካከያ አለ። እና ሰው አይነካውም! ጓደኛህ ለራሱ ባስተካከለው እያየህ «ቪአር ያደበዝዛል» ትላለህ። መስታወት ፊት ቆመህ ማስመሪያ ግንባርህ ላይ አድርገህ ለካው፣ ወይ የዓይን መነጽር ካለህ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሙከራ ደግሞ ለሌሎቻችሁ። በቪአር ውስጥ አንድ ዕቃ አንሱና ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት። ዓይናችሁ ይጨነቃል፣ ዕቃው ሁለት ይሆናል። አሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ተገላገላችሁ። ሌንሱ ምስሉን የሚያሳያችሁ በአንድ ርቀት ላይ ነው፣ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሜትር አካባቢ። ዕቃው ሲጠጋ ዓይኖቻችሁ ወደ አፍንጫ ይዞራሉ፣ ጥራቱን የሚያስተካክለው የዓይን ክፍል ግን እዚያው ሌንሱ ያስቀመጠው ርቀት ላይ መቆየት አለበት። እነዚህ ሁለቱ በተለምዶ አብረው የሚሰሩ ናቸው፣ አትለያይዋቸው። ጥሩ የቪአር ሰሪዎች ጽሑፍ ከፊታችሁ ላይ የማይለጥፉት ለዚህ ነው።

ሳልረሳው፣ መነጽሩን ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ አትተዉት። ሌንሱ ፀሐይዋን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል። ይሄ ብቻ ሙከራ አያስፈልገውም።

ነካነካ

የአፍንጫውን ሞከርኩት። ወይ ጉድ። ስንት ጊዜ ዓይኔን አሽቼ ነበር፣ ለካ እሱ ነው።

ጡረተኛው

ሰላም ልጆቼ። ከመጀመሪያው እስከዚህ አነበብኩት። እኔ መነጽሩ የለኝም፣ ለመግዛትም አልቸኩልም። ዕድሜዬም ገፍቷል። ነገር ግን ይሄ ስለ ሁለት ዓይንና ስለ ርቀት የተባለው ነገር ልቤን ሳበው። ስልክ አለኝ፣ ጊዜም አለኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆን መጫወቻ ይኖራችሁ ይሆን?

ካሜራ አንጋች

ጋሼ፣ እርስዎማ ከሁላችንም የተሻለ ቦታ ነው የሚጀምሩት። ይሄ ነገር ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ቻርልስ ዊትስቶን የሚባል እንግሊዛዊ በ1838 ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕል ለሁለት ዓይን አሳይቶ ጥልቀት እንደሚፈጠር አሳየ። ፎቶግራፍ ራሱ ገና ሳይስፋፋ ማለት ነው። የዛሬው መነጽር ውስጥ ያለው ዋና ሃሳብ ያው ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ከ2 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አንድ ነገር ይምረጡ፣ ወንበርም ተክልም ይሁን። ከኋላው ሌሎች ነገሮች ቢኖሩ ይመረጣል። ቀጥ ብለው ይቁሙና ክብደትዎን በግራ እግርዎ ላይ አድርገው አንድ ፎቶ ያንሱ። ስልኩን ሳያዞሩ ክብደትዎን ወደ ቀኝ እግርዎ ያሳልፉና ሌላ ያንሱ። ስልኩ ወደ ጎን 6 ሳንቲሜትር አካባቢ ከሄደ በቂ ነው። ዘንበል እንዳይል ብቻ ይጠንቀቁ።

ከዚያ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ያድርጓቸው። ኮላዥ የሚሰራ ማንኛውም አፕ ይሆናል። በግራ እግርዎ የተነሳው በቀኝ፣ በቀኝ እግርዎ የተነሳው በግራ ይሁን። አዎ፣ ተገላቢጦሽ ነው። አሁን ስልኩን በክንድ ርቀት ይያዙና ዓይንዎን ወደ አፍንጫዎ ያጣምሙ። ሁለቱ ፎቶዎች መጀመሪያ አራት ይመስላሉ፣ ከዚያ ሦስት ይሆናሉ። የመሃለኛውን ዝም ብለው ይመልከቱት። የማይረጋ ከሆነ አንድ ጣትዎን በስልኩና በዓይንዎ መካከል ያቁሙና ጣቱን ይዩ። ድንገት ወንበሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ዓይንዎ ከደከመ ይተዉት፣ ሌላ ጊዜ ይቀጥላሉ።

ከተሳካልዎ ጨዋታው ያኔ ነው የሚጀምረው። ሁለቱን ፎቶዎች ቦታ ያቀያይሯቸው። ሩቁ ቅርብ፣ ቅርቡ ሩቅ ይሆናል። ወንበሩ ግድግዳው ላይ የተቆረጠ ቀዳዳ ሊመስል ይችላል። ሰው ፊት ላይ ሲሞክሩት ግን አንጎል እምቢ ይላል። ፊት ወደ ውስጥ የገባ ነው ቢሉት አያምንም።

ሌላው፣ ሩቅ ያለ ነገር። ተራራ ወይ ሕንጻ። በእግር መቀያየር ምንም ልዩነት አይመጣም። በተለምዶ የሚባለው፣ ለቅርቡ ነገር ያለው ርቀት ለ30 ተካፍሎ ያን ያህል ወደ ጎን ይሄዱ ነው። ነገሩ 300 ሜትር ላይ ካለ 10 ሜትር ተራምደው ሁለተኛውን ያነሳሉ። ሲያዩት ተራራው መጫወቻ ይሆናል፣ በእጅ የሚያነሱት ይመስላል። ኮድ ለቃሚ የተናገረው ነው፣ በተቃራኒው። እሱ ዓይኖቹን አጠጋግቶ ጉንዳን ሆነ። እርስዎ በ10 ሜትር አራርቀው ግዙፍ ይሆናሉ።

ኮድ ለቃሚ

ስንት ዓመት በዚህ ሙያ ቆይቼ በእግሬ አስቤው አላውቅም። ክብር ይስጥልኝ።

መምህርት ነኝ

ስለ ልጆች ስለተነሳ ልግባ። ተማሪዎቼ ጋ መነጽሮቹ ጥቂት ናቸው፣ ልጆቹ ብዙ። ነካነካ፣ ያልሽው እውነት ነው። ልጆች ሳይነገራቸው ይጀምራሉ። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ዝም ካልኳቸው ሁልጊዜ መወርወር ላይ ይቀራሉ። መሳቁ ያልቅና ጠብ ይጀመራል፣ «ተራው የእኔ ነው!» ተብሎ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንደፈለጉ ይሁኑ። ከዚያ አንዱ መነጽሩን ያደርጋል፣ የሚያየው ነገር ትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ሌሎቹ ያዙታል። ከማዘዛቸው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ኳሱን ከጀርባህ ብትለቀው ይወድቃል ወይስ ይቆማል? እዚህ ጋ ነው ክፍሉ የሚሟሟቀው። መነጽሩን ያላደረጉት ካደረገው በላይ ይጮሃሉ።

በአየር ላይ መሳልም እንወዳለን። ጉግል ቲልት ብረሽ የሚባለውን መሳያ በ2021 ኮዱን ለሁሉም ከፈተው፣ አሁን ኦፕን ብረሽ በሚል በፈቃደኞች ይቀጥላል። ነጻ ነው። አንዲት ልጅ ቤት ሳለች። ከፊት ስታየው ጎበዝ ሥዕል ነው፣ በር አለው፣ መስኮት አለው። «እስኪ ወደ ጎን ሂጂ» አልኳት። ሄደች። ቤቱ የለም! በሩ እዚህ፣ ጣሪያው ከበሩ አንድ ክንድ ወደኋላ፣ መስኮቱ ከሁሉም ርቆ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ወረቀት ላይ ስንስል ኖረን ጥልቀት የሚባለውን እጃችን ረስቶታል። ጮክ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ተመልሳ ሳትናደድ ግድግዳ በግድግዳ እየዞረች ሰራችው። እኔ ስለ ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀት ያስተማርኩት ሁሉ የዚያን ቀን የገባት ይመስለኛል።

አንድ ደግሞ ለትልልቆች። ከከፍታ ላይ ሳንቃ የሚያስረግጡ አፖች አሉ። እውነተኛ ሳንቃ መሬት ላይ አድርጋችሁ መነጽሩን ያደረገው ሰው እሱ ላይ እንዲቆም አድርጉ። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄንን ሞክረውታል፣ በ2002 አሳትመውታል። ሰዎች በምናብ የተሰራ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆሙ የልብ ምታቸው ጨመረ። ከእግራቸው ስር 4 ሳንቲሜትር የማይሞላ እውነተኛ እንጨት ሲደረግ ደግሞ ይበልጥ ጨመረ። እንጨቱ ትንሽ ቢሆንም እግር ያምናል ማለት ነው። ግን አጠገባችሁ የሚይዝ ሰው ይኑር፣ እንጨቱም አይንሸራተት። ሰው የእውነት ይወድቃል።

የዕድሜ ገደቡንም አትርሱ። እያንዳንዱ አምራች የራሱ አለው፣ ሳያነቡ ለትንሽ ልጅ አይደረግም።

ጥርጥር

እሺ፣ የቤቷ ነገር ቆንጆ ነው። ግን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እናንተ ከመነጽሩ ጋር ስትጫወቱ መነጽሩስ ምን እያደረገ ነው? ጭንቅላታችሁ የት እንደዞረ፣ እጃችሁ እንዴት እንደተወረወረ፣ አንዳንዱማ ዓይናችሁ የቱ ላይ እንደቆየ ይመዘግባል። ክፍላችሁን በካሜራ ያነባል።

በ2023 የወጣ ጥናት አለ። በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ነው። በሙዚቃ እየታጀቡ ኩብ የሚቆርጡበትን ጨዋታ የተጫወቱ ከ50,000 በላይ ሰዎችን እንቅስቃሴ ወሰዱ። የጭንቅላትና የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም። በ100 ሰከንድ እንቅስቃሴ ሰውየው ማን እንደሆነ 94 በመቶ ያህል በትክክል ለዩ። ስም ሳትሰጥ፣ ፊትህን ሳታሳይ። አወራወርህ መታወቂያህ ነው ማለት ነው። «ፈታ ብላችሁ ተጫወቱ» ስትሉ ይሄንንም ንገሯቸው እንጂ።

ኮድ ለቃሚ

እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ጥናቱ እውነት ነው፣ በሙያው ውስጥ ያለነውንም አስደንግጦናል። መነጽሩ እንቅስቃሴህን ካልለካ መስራት ስለማይችል እንደ ካሜራ ሸፍነኸው የምትገላገለው ነገር አይደለም።

የማደርገውን ልንገርህ። ለመሞከሪያ የራሱ አካውንት አለኝ፣ ከሌላው ሕይወቴ ጋር አይገናኝም። ዓይንን የመከታተል ፈቃድ ካላስፈለገ አልሰጥም። ኢንተርኔት የማይፈልግ ነገር ስሞክር ዋይፋዩን አጠፋለሁ። ዋይፋይ ሳይኖር አልሰራም የሚል አፕ ካለ፣ ለምን እንደፈለገው እጠይቃለሁ። ይሄም ራሱ ጥሩ መነካካት ነው፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ቶሎ ታውቃለህ። የራስህን ገጽ በኤ-ፍሬም ስትሰራ ደግሞ ኮዱ ያንተው ነው። መነጽሩን የሰራው ድርጅት ግን እዚያም አለ፣ አልዋሽህም።

ጥርጥር

ቢያንስ አልዋሸኸኝም።

የቢሮ ሰው

እኛ መሥሪያ ቤት ለሥልጠና ተብሎ መነጽር ተገዝቶ ነበር። አለቃችን «ማንም እንዳይጫወትበት» ብሎ ቆለፈበት። የሥልጠናው ቀን ሲደርስ ሰዉ ግማሹን ሰዓት የጨረሰው ቁልፉ የት እንዳለ ሲፈልግና ወደ ጣሪያ ሲያይ ነው። በሥራ ቦታ ጨዋታ ሼም ነው የሚል ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ነካነካ

ምንም አትበሉት። መነጽሩን አድርጉለትና አንድ ኩባያ ስጡት። የምናብ ኩባያ። ካልወረወረው እኔ ከዚህ መድረክ እወጣለሁ።

የምሬን ግን፣ ከሥልጠናው ቀን በፊት ሰው እንደፈለገ የሚሆንበት ጊዜ ያስፈልገዋል። አዲስ ዓለም ውስጥ የገባ ሰው ዙሪያውን ሳያይ ትምህርት አይሰማም። ካላስጨረሳችሁት በትምህርቱ መሃል ነው የሚጨርሰው።

ሆዴ ተገላበጠ

ሪፖርት። ተቀምጬ፣ ቬንቲሌተር ከፊቴ፣ በመዝለል እንጂ በመንሸራተት አይደለም። የሌንሱን ርቀት ለካሁት፣ ለካ የጓደኛዬ ልክ ላይ ነበር። አላቀለሸለሸኝም! ትንሽ ስደፍር መንሸራተቱን መለስኩት። ወዲያው ላቡ መጣ፣ አወለቅኩት። ቢያንስ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አወቅሁ።

መነጽር ሰሪ

ጎበዝ። መንሸራተቱን ከወደድከው ስትንቀሳቀስ ዙሪያውን የሚያጨልመውን ሴቲንግ አብራው። እይታህ ሲጠብ የዓይንህና የጆሮህ ጠብም ይቀንሳል። ካልወደድከው ደግሞ ዕድሜ ልክህን እየዘለልክ ኑር፣ ማንም አይቀጣህም።

ጡረተኛው

ልጄ ካሜራ አንጋች፣ ተሳካልኝ። ዓይኔን ማጣመሙ አታክቶኝ ነበር፣ ጣት የማቆሙ ዘዴ ነው የጠቀመኝ። ወንበሩ ሲወጣ ባለቤቴን ጠራኋት። እሷ ከእኔ ቶሎ አየችው፣ ነገሩ ትንሽ ከንክኖኛል። ሲቀያየሩም ሞከርን። እውነትም ወንበሩ ቀዳዳ ሆነ፣ የባለቤቴ ፊት ግን በፍጹም አልገለበጥም አለ።

አንድ ያልገባኝ አለ። ከመስኮት ሆኜ ያነሳሁት ላይ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው አለ። ሁሉም ነገር ጥልቀት ሲኖረው እሱ ብቻ እንደ መንፈስ ይብለጨለጫል። ምን ነካው?

ካሜራ አንጋች

ጋሼ፣ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ሰውየው ተራምዷል። ግራ ዓይንዎ አንድ ቦታ፣ ቀኝ ዓይንዎ ሌላ ቦታ ያየዋል። አንጎል ሁለቱን ማገናኘት ስላቃተው አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን ያሳይዎታል። ለዚህ ነው በዚህ ዘዴ የማይንቀሳቀስ ነገር የሚመረጠው።

እርስዎ ግን አሁን ልምድ አለዎት፣ ይሄን ጉድለት መጠቀሚያ ያድርጉት። ስልኩን መስኮቱ ላይ በደንብ ያስደግፉና ደመና ያንሱ። ሳይነኩት ትንሽ ይጠብቁና እንደገና ያንሱ። እርስዎ አልተንቀሳቀሱም፣ ደመናው ግን ሄዷል። አንጎልዎ ያንን እንደ ሁለት ዓይን ልዩነት ይወስደዋል። ደመናው ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ የመጀመሪያውን ፎቶ የግራ ዓይን (እንደ ቀድሞው በቀኝ የሚቀመጠውን)፣ ሁለተኛውን የቀኝ ዓይን (በግራ የሚቀመጠውን) ያድርጉት። ከሕንጻዎቹ ኋላ ሲርቅ ያዩታል። ከሕንጻዎቹ ፊት ለፊት ከመጣ ፎቶዎቹ ተገላብጠዋል፣ ያቀያይሯቸው። እሱንም ግን ከማቀያየርዎ በፊት በደንብ ይዩት፣ ያስቃል።

ለእማማም መጀመሪያ እርስዎ ይዩና ከዚያ ያሳዩአቸው።